የቤት ዓሣችሁን ምን ትመግቡታላችሁ? ዳቦ ከሆነ ይህን አንብቡ

ዛሬ ከደም ግፊትና ከስኳር ትንሽ ወጣ ብለን ስለ ዓሣ እናወራለን። ስለምንበላው ሳይሆን፣ ሳሎን ውስጥ በመስታወት ገንዳ ስለምናሳድገው። «ዶክተር፣ ይሄ ከጤና ጋር ምን ያገናኘዋል?» የምትሉ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

እዚሁ ሶዶ ያለችው እህቴ ለልጇ ሦስት ጎልድ ፊሽ ገዝታለት ነበር። ልጁ በጣም ስለወደዳቸው ጠዋት ከቁርሱ ዳቦ እየቆረሰ ይጥልላቸዋል፣ ማታም እንደዚሁ። በሁለተኛው ሳምንት ውሃው ደፈረሰ፣ መሽተትም ጀመረ። አንድ ቀን ጠዋት ሦስቱም ሞተው ተንሳፈው ተገኙ። ደውሎልኝ «አጎቴ፣ እኔ እኮ አብልቻቸው ነበር» እያለ አለቀሰ። እውነቱን ነው፣ አብልቷቸዋል። የሞቱት በረሃብ አልነበረም።

ታዲያ ምን ገደላቸው?

ዳቦ ውሃ ውስጥ ያብጥና ይበሰብሳል። ከተረፈው ምግብና ከዓሣው ቆሻሻ አሞኒያ የሚባል መርዛማ ነገር ይፈጠራል። ሐይቅ ሰፊ ስለሆነ ይህ ይበተናል፤ በትንሽ ገንዳ ግን ይጠራቀምና ዓሣው የሚተነፍስበትን ስንጥብ ይጎዳዋል።

ለምን የተለያየ ምግብ?

ቅርባችን ያለውን አባያ ሐይቅን አስቡ። ቆሮሶ በብዛት የሚመገበው በውሃው ውስጥ ያሉ ጥቃቅን አረንጓዴ ዕፅዋትን ነው። አምባዛ ያገኘውን ሁሉ ይበላል። ነጭ ዓሣ ደግሞ ካደገ በኋላ ሌሎች ዓሦችን እያደነ ይኖራል። የገንዳ ዓሣም እንደ ዓይነቱ ይለያያል፦ ጎልድ ፊሽና ጋፒ አትክልትም ሥጋም ይበላሉ፤ ተዋጊ ዓሣ የሚባለው ቤታ ግን ሥጋ በል ነው። የሐይቁ ዓሣ የጎደለውን ራሱ ፈልጎ ያገኛል፤ የገንዳው ግን እናንተ ከጣላችሁለት ውጪ ምንም የለውም።

አንድ የሚገርም ነገር ልንገራችሁ። አብዛኞቹ ዓሦች ልክ እንደ እኛ ቫይታሚን ሲን በሰውነታቸው መሥራት አይችሉም። ለረጅም ጊዜ ከጎደላቸው አከርካሪያቸው ይጣመማል።

እንግዲህ እንዲህ አድርጉ፦

1. ዋናው ምግብ ለዓሣው ዓይነት የተዘጋጀ የዓሣ መኖ ይሁን። ከተከፈተ በኋላ ቫይታሚኑ እየቀነሰ ስለሚሄድ ትንሹን ጣሳ ግዙ፤ በደረቅ ቦታ ከድናችሁ አስቀምጡት።
2. ለጎልድ ፊሽ በሳምንት አንድ ሁለቴ ተቀቅሎ የተላጠ አተር ወይም በፈላ ውሃ የለሰለሰ ሰላጣ ጨምሩለት። ጨውና ዘይት እንዳይነካው።
3. ለሥጋ በሎቹ በደንብ ታጥቦ የተከተፈ የመሬት ትል ጥሩ ነው። የበሬ ሥጋ ስብ ግን አይስማማቸውም።
4. በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ በ2 ደቂቃ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ ስጡ። የተረፈውን አውጡ።
5. ዳቦ፣ እንጀራ፣ ብስኩት ይቅር።

ኢንተርኔት ላይ «የትንኝ እጭ በባልዲ አርቡላቸው» የሚል ምክር ታያላችሁ። እጭ ለዓሣ ጥሩ ምግብ መሆኑ ልክ ነው፤ ግን ወባ ባለበት አገር ቤታችሁ ትንኝ እንዳታረቡ አደራ!

አሁን ወደ እናንተ ጤና ልምጣ፦

✔ ከመገባችሁና ገንዳውን ካጸዳችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ በተለይ ልጆች። የገንዳውን ውሃ ዕቃ በምታጥቡበት ሲንክ አትድፉት፤ ቱቦውንም በአፋችሁ አትሳቡ።
✔ እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ ያለ ጓንት ገንዳው ውስጥ አታስገቡ። የቲቢ ባክቴሪያ ዘመድ የሆነ ጀርም በቁስል ሊገባ ይችላል። ከሳምንታት በኋላ ጣት ወይም እጅ ላይ የማይድን እብጠት ያወጣል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ግን የተለመደው አንቲባዮቲክ ላያድነው ይችላል። እንዲህ ያለ እብጠት ይዛችሁ ከመጣችሁ «ቤቴ ዓሣ አለኝ» ማለትን አትርሱ። ካልነገራችሁን እኛም ላይታየን ይችላል።
✔ ዓሣው ሲታመም የሰው አሞክሳሲሊን ፈትታችሁ ውሃው ውስጥ አትጨምሩ። ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን እንዲለምዱት መንገድ መክፈት ነው።

የእህቴ ልጅ አሁን ሁለት አዲስ ዓሦች አሉት። መኖውን በሁለት ጣቱ ቆንጠር አድርጎ ይጥልና ሰዓት እያየ ይጠብቃል። ባለፈው እሁድ አጠገባችን ቆጮ ቀርቦለት «ዓሣዎቹ አንድ ዓይነት ብቻ አይበሉም ብለሃል አይደል? የኔ እንቁላልስ?» አለኝ። እናቱ ሳቀች፤ እንቁላሉም መጣ። ልክ ነው እኮ! ቆጮና ስኳር ድንች ሆድ ይሞላሉ፤ ለሚያድግ ልጅ ግን እንቁላል፣ ጥራጥሬና ጎመን አጠገባቸው ይኑር።

ቤታችሁ ዓሣ አለ? ምን እንደምትመግቡት ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ዓሣ ለሚያሳድግ ወዳጃችሁም ሼር አድርጉለት። መልካም ጤና!