ክልል ከመሆኗ በፊት የነበረችው ሐረር

ሐረሪዎች አስማዲን በሪ የሚሉት፣ ሌላው ሰው ሸዋ በር ብሎ የሚጠራው መውጫ በግንብ የተከበበችው የጥንቷ ከተማ፣ የጁገል፣ ከአምስቱ ጥንታዊ በሮች አንዱ ነው። የቀሩት ፈላና፣ ኤረር፣ ሰንጋና ቡዳ በር ይባላሉ። ወደ ሸዋ የሚወስደው የቀድሞ መንገድ የሚነሣው ከሸዋ በር ነው፤ ጨለንቆን አልፎ፣ አዋሽን ተሻግሮ መሀል አገር ይገባል። ከ1879 ዓ.ም. ወዲህ ለሐረር ገዥ የተሾመላት፣ ግብር የተጣለባትና አዋጅ የወረደላት ከዚሁ አቅጣጫ ነበር። በ1987 ዓ.ም. ግን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 47 የሐረሪን ሕዝብ ክልል ከፌዴሬሽኑ ዘጠኝ አባላት አንዱ አድርጎ ሰየመው። ስፋቱ 400 ካሬ ኪሎ ሜትር የማይሞላው መሬት ከኦሮሚያና ከአማራ ጋር በአንድ ዝርዝር ተጻፈ። ብዙ ሰው ይህን የዘመኑ ፖለቲካ የወለደው ነገር አድርጎ ያየዋል። እኔ ግን ክልልነቱ ሥር ያለው ነው እላለሁ። ሥሩም ያለው ሐረርን ይገዙ በነበሩት አሚሮች ዙፋን ላይ ሳይሆን፣ ዙፋኑ ከወደቀ በኋላ ከተማዋ አጥብቃ ይዛ ባቆየቻቸው ተቋማት ላይ ነው።

ሐረር አገር ነበረች ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ግንቡን ያሠሩት በ16ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የነገሡት አሚር ኑር ናቸው፤ 48 ሄክታር ያህል የሚሆነውን የከተማ መሬት ይከባል። ከ17ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ የአሚር ዓሊ ኢብን ዳውድ ዘሮች ከአውሳ ተለይተው ከተማዋን ለብቻ ገዙ። በ1847 ዓ.ም. ሐረር የገባው እንግሊዛዊ ሪቻርድ በርተን እንደጻፈው፣ በሮቹ ሲመሽ ይዘጉና ቁልፋቸው ለአሚሩ ይሰጥ ነበር፤ ከዚያ በኋላ እስኪነጋ ድረስ የሚወጣ የለም። አሚሮቹ በስማቸው መሐለቅ ያሳትሙ ነበር። የመሬት ሽያጭና ውርስ በዐረብኛ በመዝገብ ይጻፍ፣ ክርክሩም በቃዲ ፊት ይታይ ነበር። ለእኔ ከግንቡ ይልቅ ይህ መዝገብ ይበልጥብኛል። ግንብ ጠላትን መፍራትን ያሳያል፤ አንድ የጫት ወይም የቡና ማሳ ከማን ወደ ማን እንደ ተላለፈ የሚጽፍ መንግሥት ግን ነገም እኖራለሁ ብሎ የሚያስብ መንግሥት ነው።

ይህ ነጻነት ያበቃው በሁለት እርምጃ ነው። በ1868 ዓ.ም. የግብፁ ራኡፍ ፓሻ ከተማዋን ያዘ፤ አሚር ሙሐመድም ተገደሉ። ግብፆች አሥር ዓመት ያህል ቆይተው በ1877 ዓ.ም. ሲወጡ ሥልጣኑ ለሟቹ አሚር ልጅ ለዐብዱላሂ ተሰጠ። የዐብዱላሂ ዘመን ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም። በ1879 ዓ.ም. በገና ሰሞን ጨለንቆ ላይ ከንጉሥ ምኒልክ ጦር ጋር ገጥመው ተሸነፉ፤ ብዙ የሐረርና የአካባቢው ሰው እዚያው ቀረ። ምኒልክ ከተማዋን ለአክስታቸው ልጅ ለመኮንን፣ በኋላ ራስ ለተባሉት፣ ሰጡ። ግብፆች በሠሩት መስጊድ ቦታ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ቆመ። ሐረር ከዚያ ወዲያ የጠረፍ ግዛት ሆነች፤ ከባሕር የሚመጣው ነፍጥና ዕቃ፣ ወደ ባሕር የሚወርደው ቡናና ቆዳ የሚያልፍባት፣ ለመሀል አገር መንግሥት ገቢና የውጭ ግንኙነት በር የሆነች። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ድሬዳዋ ደርሶ ሲቆም ከንግዱ ብዙው አብሮት ቆላ ወረደ።

ቢሆንም አሸናፊው ራሱ ሐረርን እንደ ባዶ መሬት አላያትም። በ1885 ዓ.ም. በምኒልክ ስም የታተመው መሐለቅ የተመታው ሐረር ላይ ነው፤ አዲሱ መንግሥት የአሚሮቹን የገንዘብ ሥራ ስሙን ለውጦ ቀጠለው ማለት ነው። የቃዲዎቹ ችሎትም አልተዘጋም። ከሁሉ በላይ ግን አፎቻ ጸንቶ ቆየ። አፎቻ በጉርብትና የተሳሰሩ ሐረሪዎች ማኅበር ነው፤ የወንድም የሴትም አለው። እድርን የሚያውቅ አንባቢ ግማሹን ያውቀዋል፤ ልዩነቱ አፎቻ ከለቅሶው ጋር ሠርጉንም መያዙ ነው። አባሉ ቢቀር ይቀጣል፣ ቢጣላ ይታረቃል፣ ወሬውን ይሰማል፣ ሐሳቡን ይሰጣል። የከተማው አስተዳደር ያልደረሰበትን ሁሉ የሚያዳርስ፣ ማንም ገዥ ያልሾመው፣ ስለዚህም ማንም ሊሽረው ያልቻለ አመራር ነበር። ሐረሪ አሚሩን ካጣ በኋላ ራሱን የማስተዳደር ልማዱን ያላጣው በዚህ ነው።

የጠረፍ ግዛት መሆን ምን ያህል እንደ ከበደ 1940 ዓ.ም. ያሳያል። የአራቱ ኃያላን መንግሥታት ኮሚሽን ስለ ጣሊያን የቀድሞ ቅኝ ግዛቶች ለማጣራት ሞቃዲሾ ሲመጣ፣ ከሐረር የሄዱ መልእክተኞች አቤቱታ ይዘው ቀረቡ። ሐረሪዎች ኩሉብ የሚሉት ይህ እንቅስቃሴ ከሶማሌ ወጣቶች ሊግ ጋር የተያያዘ ስለ ነበር መንግሥት እንደ ክህደት ቆጠረው። ብዙ ሰው ታሰረ፣ ንብረት ተወረሰ፣ ቤተሰብ ከጁገል ተነቅሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ ድሬዳዋ ሄደ። የደርግ የመሬት አዋጅ በ1967 ዓ.ም. ሲመጣ ደግሞ ከግንቡ ውጭ ያለው የሐረሪ ማሳ በሙሉ ተወሰደ። እዚህ ላይ ግን ለእውነት መቆም ያስፈልጋል፤ ያንን ማሳ ያርስ ለነበረው የኦሮሞ ጭሰኛ አዋጁ ፍትሕ ነበር።

ከዚህ በክልልነቱ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ከሁሉም የሚጠነክረው ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ከክልሉ ነዋሪ ኦሮሞው 56 በመቶ፣ አማራው 23 በመቶ ገደማ ሲሆን ሐረሪው 9 በመቶ አይሞላም። ታዲያ ክልሉ በማን ስም? ያ የምናወድሰው አሚርነትስ በዙሪያው ገበሬ ላይ ግብር የጣለ አልነበረም? ነበር። አሚሮቹ ደካማ ሲሆኑ ደግሞ ዙሪያውን የያዙት ኦሮሞዎች ካልፈቀዱ ገበያው አይቆምም ነበር፤ ከተማዋ ብቻዋን ኖራ አታውቅም። ስለዚህ ክልልነቱ ለአሚሮቹ የተከፈለ ካሳ ቢሆን ኖሮ ተቃውሞው ያሸንፍ ነበር። ነገር ግን በ1987 ዓ.ም. የተመለሰው አሚሩ አይደለም። የክልሉ ምክር ቤት በሁለት ተከፍሎ፣ 22 መቀመጫ ያለው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና 14 መቀመጫ ያለው የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ ሆነ። የሥራ ቋንቋውም ሐረሪና አፋን ኦሮሞ ሁለቱም ናቸው። ይህ አደላደል ሁሉንም አላስደሰተም፤ እኩል ድምፅ የሚለውን መርህ እንደሚጫን እኔም እቀበላለሁ። ሆኖም በቁጥር ብቻ ቢሄድ ኖሮ ከተማዋን ከተማ ያደረገው ሕዝብ በገዛ ግንቡ ውስጥ ድምፅ አልባ ይሆን ነበር።

ሌላው ዓለም በአብዛኛው የሄደው በተቃራኒው ነው። አሜሪካ በ1787 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ድንጋጌ አንድ የጠረፍ ግዛት ሙሉ አባል ለመሆን 60,000 ነጻ ነዋሪ ማግኘት ነበረበት፤ ቁጥሩን የሚሞላው ሰፋሪ እንጂ የጥንቱ ባለ አገር አልነበረም። በ1905 እ.ኤ.አ. የቀደሙት ነገዶች ሴኮያ የሚባል የራሳቸው ግዛት እንዲቆምላቸው ሲጠይቁ የአሜሪካ ምክር ቤት አልሰማቸውም፤ ከሁለት ዓመት በኋላ መሬታቸው ኦክላሆማ በተባለው ውስጥ ተጠቃለለ። ሐረር ላይ የተደረገው ሴኮያ የተከለከለችው ነው። ለብሔራዊ ጉባኤው 14 ወንበሮች ድምፅ የሚሰጡት በክልሉ ያሉት ብቻ ሳይሆኑ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የሚኖሩ ሐረሪዎችም ናቸው። ይህ ሥርዓት ከክልሉ ወሰን ውጭ ያለ ሰው ስለ ክልሉ እንዴት ይመርጣል የሚል ክርክር በየምርጫው ያስነሣል። ከ1940 ዓ.ም. ወዲህ ከጁገል የወጡትን ቤተሰቦች ግን ከምርጫው ውጭ ማድረግ የዚያን ጊዜውን ማፈናቀል በሕግ ማጽናት ይሆን ነበር።