የዲላ ነጋዴ ከሰዓት በኋላ በጠዋቱ ዋጋ እንዳይዋዋል

ጠዋት የተነገረ የቡና ዋጋ ከሰዓት በኋላ ላይሠራ እንደሚችል የዲላ፣ የወናጎና የይርጋጨፌ ነጋዴ ሳይነገረው ያውቃል። ኮምፒውተሩ ያረጀውን ዋጋ እንደ አዲስ ሊያሳየው እንደሚችል የሚያውቀው ግን ጥቂቱ ነው።

ምክንያቱ ባለሙያዎች «ካሽ» የሚሉት አሠራር ነው። ስሙ ቢመሳሰልም ጥሬ ገንዘብ ማለት አይደለም፤ ሶፍትዌሩ ያነበበውን መረጃ በቅርብ የሚያቆይበት ማስቀመጫ ነው። ዳታቤዙ አዲስ አበባ፣ ተጠቃሚው ደግሞ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ዲላ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ጥያቄ መስመር ከመጠበቅ ያድናል።

በማይክሮሶፍት ኢንቲቲ ፍሬምወርክ በተሠሩ የንግድ ሶፍትዌሮች የተነበበውን መረጃ የሚይዘው «ኮንቴክስት» የተባለው ክፍል ነው። እንደ መጋዘን ጸሐፊ እያንዳንዱን መዝገብ በመለያ ቁጥሩ ይይዛል። ነጋዴው ፕሮግራሙን ሳይዘጋ ዝርዝሩን እንደገና ሲጠይቅ፣ ጥያቄው ዳታቤዙ ድረስ ሄዶ አዲሱን ዋጋ ይዞ ይመለሳል። ሆኖም ያ መለያ ቁጥር ቀድሞ ስለተያዘ ኮንቴክስቱ አዲሱን ትቶ የጠዋቱን ያሳያል። የመዘግየት ምልክትም ሆነ ማስጠንቀቂያ የለም።

ኪሳራው ቀላል አይደለም። ለምሳሌ ዋጋው በፈረሱላ 50 ብር ጨምሮ ሳለ 600 ፈረሱላ በጠዋቱ ዋጋ የሸጠ ሰው 30 ሺህ ብር ያጣል።

ሌላው ችግር የጥያቄው አቀራረብ ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ግብይት የጀመረው በ2000 ዓ.ም. ሲሆን፣ የቡና ግብይት አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ደግሞ ከገበያው ውጪ የቀጥታ ግብይት መንገድ ከፍቷል። ስለዚህ «የይርጋጨፌ ዋጋ» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። የታጠበ ነው ወይስ ያልታጠበ? ስንተኛ ደረጃ? የትኛው ቀን? በየትኛው ግብይት? ካሹ መልሱን ያለእነዚህ ዝርዝሮች ካስቀመጠ የአንዱን ዋጋ ለሌላው ይሰጣል።

መፍትሔው ካሽን መጣል አይደለም። የወረዳ ስም፣ የደረጃ ዝርዝርና የአንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ቢቀመጡ ጉዳት የለውም። ዋጋና የመጋዘን ቀሪ ሂሳብ ግን በየጊዜው በአዲስ ኮንቴክስት ሊነበቡ ይገባል። ውል ሲመዘገብም መዝገቡ በመሀል መለወጡን ሶፍትዌሩ ማጣራት አለበት።

ሶፍትዌር የሚገዛ ነጋዴ ሻጩን አንድ ነገር ይጠይቅ፦ ከዋጋው ጎን የተነበበበት ሰዓት ይታያል? የማይታይ ከሆነ፣ ከመዋዋሉ በፊት ስልክ መደወሉ ይሻለዋል።