ይህ የማን በግ ነው? የሼትላንድ ክር ቤቶች

ሹራብ የሚሠራ ሰው አገር ለማየት ሲወጣ፣ ከሙዚየሙና ከአደባባዩ ሌላ የሚያጠያይቀው አንድ አድራሻ አለ፤ ክር የሚሸጥበት ሱቅ። በርሊንም ይሁን ኒውዮርክ ጥሩ ክር ቤት አይጠፋም። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በየቀለሙ ተደርድሮ ሲታይ ልብ ይሰርቃል። በክሩ ላይ የተጠመጠመችውን ወረቀት ገልበጥ አድርጎ ላነበበ ግን፣ ሱፉ ብዙውን ጊዜ ከአውስትራሊያ ወይም ከደቡብ አሜሪካ የመጣ፣ ሜሪኖ የተባለ የበግ ዝርያ ፀጉር ነው፤ የተፈተለው ሌላ አገር፣ የተነከረው ደግሞ ሌላ አገር ሊሆን ይችላል፤ ያው ክር በሚቀጥለው ከተማም ይገኛል። ክሩ ምንም አይወጣለትም፤ የዚያ ከተማ ግን አይደለም። ስለዚህ መንገደኛ ክር ቤት ሲገባ ከዋጋው በፊት “ይህ የማን በግ ነው?” ብሎ ቢጠይቅ ጥሩ ነው እላለሁ። ባለሱቁ በመስኮት ወደ ኮረብታው እያመለከተ መልስ የሚሰጥባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው። ከነዚህ ውስጥ አብልጬ የምወደው ሼትላንድን ነው።

ሼትላንድ ከስኮትላንድ በስተሰሜን፣ አትላንቲክና የሰሜን ባሕር በሚገናኙበት ቦታ የተበተኑ መቶ ያህል ደሴቶች ናቸው። ሰው የሚኖርባቸው ከ20 አይበልጡም። ዋና ከተማቸው ሌርዊክ ከኤድንብራ ይልቅ ለኖርዌይዋ ቤርገን ትቀርባለች፤ ደሴቶቹም እስከ 1469 (እ.ኤ.አ.) በኖርዌይ ዘውድ ሥር ነበሩ። ነዋሪው 23 ሺህ ገደማ ነው፤ በጉ ግን ከሰው ብዙ እጥፍ ይበልጣል። አገሩ ዛፍ አይበዛበትም፤ ነፋሱም ረፍት የለውም። በጎቹ ትናንሽና ጠንካሮች ናቸው፤ ሣር ሲጠፋ ባሕር ዳር ወርደው ማዕበል የተፋውን የባሕር አረም ይበላሉ። እንዲህ እየኖሩ የሚያበቅሉት ፀጉር ከብሪታንያ ነባር የበግ ዝርያዎች ሁሉ የላመ ነው። ድሮ በመቀስ እንኳ አይሸለትም ነበር። በሰኔ ግድም የአሮጌው ፀጉር ሥር በራሱ ስለሚላላ፣ በጉን አስተኝተው በእጃቸው ቀስ እያሉ ይነቅሉት ነበር።

ሌርዊክ ውስጥ ኖርዝ ሮድ በሚባለው መንገድ ላይ ጄሚሰን ኤንድ ስሚዝ የተባለ ድርጅት አለ። ከፊት ለፊቱ ክር ቤት ነው፤ በስተጀርባው ደግሞ የሱፍ መጋዘን። ከ1940ዎቹ ጀምሮ ከየደሴቱ ገበሬ ሱፍ እየተረከበ የሚመድብና የሚሸጥ ነው። የመንገደኛውን ጊዜ መጋዘኑ ቢወስደው አይቆጨውም። ገበሬው በጆንያ ጠቅጥቆ ያመጣው ፀጉር ገበታ ላይ ይዘረገፋል። መዳቢው አንድ ቁንጥር መዝዞ ሁለቱን ጫፎች በጣቶቹ ይይዝና ጆሮው አጠገብ ነጠቅ አድርጎ ይስበዋል። ድምፁ ደህና ከሆነ ፀጉሩ ጤነኛ ነው። ከተሰነጠቀ ግን በጉ በክረምቱ ታሟል ወይም ተርቧል ማለት ነው፤ ያ ፀጉር ሲፈተል ይበጠሳል። ከአንድ በግ ላይ እንኳ ሱፉ እኩል አይደለም። አንገትና ትከሻ አካባቢ ያለው ልስልስ ሲሆን፣ ወደ ኋላ እግር ሲኬድ እየሻከረ ይሄዳል። የላመው ለስስ ሻል፣ መካከለኛው ለሹራብ፣ ሻካራው ለምንጣፍ ይለያል። የመንዝን ባና ለብሶ የተኛ አንባቢ በላመና በሻካራ ሱፍ መካከል ያለው ርቀት ምን ያህል እንደሆነ ገላው ይነግረዋል።

ከዚያ ወጥቶ በድንጋይ ወደተነጠፈው ኮመርሻል ስትሪት የወረደ ሰው ጄሚሰንስ ኦፍ ሼትላንድ የሚባለውን ሱቅ ያገኛል። ስሙ ከመጀመሪያው ጋር ቢመሳሰልም ሌላ ድርጅት ነው፤ ሱፉን የሚፈትለው በዋናው ደሴት ምዕራብ ዳር፣ ሳንድነስ በተባለች መንደር ባለው በራሱ ፋብሪካ ነው። ስፒንድሪፍት የሚባለው ክሩ ከ200 በላይ ቀለም አለው። አንድ ልቃቂት 25 ግራም ሲመዝን 105 ሜትር ይረዝማል። ከሩቅ ሲታይ አንድ ወጥ አረንጓዴ ይመስላል። ጫፉን ፈታ አድርጎ ወደ ብርሃን ለያዘው ግን ውስጡ ሌላ ነው፤ ሰማያዊ ጭረት፣ ቢጫ፣ አልፎ አልፎም ቀይ ይወጣበታል። ሱፉ ሳይፈተል በፊት በተለያየ ቀለም ተነክሮ፣ ኋላ ተቀላቅሎ ስለሚፈተል ነው። ለዚህ ነው ሁለት የማይስማሙ የሚመስሉ ቀለሞች አጠገብ ለአጠገብ ሲሠሩ የማይጣሉት፤ አንዱ በሌላው ውስጥ ዘመድ አለው። ጭራሽ ያልተነከረም አለ። የሼትላንድ በግ ከነጭ እስከ ጥቁር፣ በግራጫና በቡና ዓይነት በኩል አድርጎ 11 ዋና ዋና የተፈጥሮ ቀለም ይቆጠርለታል። እኔ ብመርጥ እነዚህን ያልተነከሩትን አስቀድማለሁ፤ እንደዚህ ያለ ግራጫ የትም ቀለም ቤት አላየሁም።

እነዚህ ክሮች የሚታወቁበት ባለብዙ ቀለም የሹራብ ሥራ ስሙን ያገኘው 5 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ከምትረዝመው ከፌር አይል ደሴት ነው። በ1922 የወቅቱ አልጋ ወራሽ፣ ኋላ ኤድዋርድ 8ኛ የተባለው፣ የፌር አይል ሹራብ ለብሶ በሴንት አንድሩስ ጎልፍ ሲጫወት ታየና በዓለም ፋሽን ሆነ። ሲሠራ ላላየ ሰው በቀለም የተጨናነቀ ይመስለዋል፤ ሕጉ ግን ቀላል ነው። በአንድ ዙር ውስጥ ከሁለት ቀለም በላይ አይገባም፤ ብዛቱ የሚመጣው ሁለቱ ቀለሞች በየጥቂቱ ዙር ስለሚለዋወጡ ነው። ያልተሠራበት ክር ከኋላ በኩል እየተጎተተ ስለሚያልፍ ሹራቡ ድርብ ይሆናል፤ ለዚያ ነፋስ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

አሁን የሚያስደነግጠው ይመጣል። ሹራቡ የሚሠራው ከታች እስከ ላይ እንደ ቱቦ ክብ ሆኖ፣ ክንድና ደረት ላይ ክፍተት ሳይተውለት ነው። ካለቀ በኋላ ባለሙያዋ መቀስ ታነሳና እጅጌው የሚገባበትን ቦታ ትቆርጠዋለች። የብዙ ሳምንት ሥራ በመቀስ! ቀድመው ለዚሁ ተብለው በተሠሩ ጥቂት ተጨማሪ ቀለበቶች መካከል ነው የምታልፈው። ክሩ አይተረተርም። የሼትላንድ ሱፍ የላመ ቢሆንም ሲፈተል ፀጉሩ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ በመለበስና በመታጠብ ብዛትም ይበልጥ ይጣበቃል። ይህን በአክሪሊክ ወይም ለማሽን እጥበት ተብሎ በለሰለሰ ሜሪኖ የሞከረ ቀለበቱ እያመለጠ ይተረተርበታል። ክርና ጥበብ አብረው እንዳደጉ የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም፤ አንዱን ከሌላው ነጥሎ ወደ ቤት መውሰድ አይቻልም።

የሼትላንድ ሴት ስትሠራ ወገቧ ላይ የቆዳ ቀበቶ ትታጠቃለች። ቀበቶው በፈረስ ጭራ ፀጉር የተሞላና ብዙ ቀዳዳ ያለው ትራስ አለው፤ የአንዱ መርፌ ጫፍ እዚያ ውስጥ ይሰካል። እጇ የመርፌውን ክብደት ስለማይሸከም ፍጥነቷ ዓይን አይከተለውም፤ እየሄደችም መሥራት ትችላለች። በድሮ ፎቶግራፎች ላይ ከረግረግ ተቆርጦ የደረቀ ማገዶ በቅርጫት አዝለው፣ ሁለት እጃቸው ግን ሹራብ የሚሠራ ሴቶች ይታያሉ። ፎቶዎቹ በፖስት ካርድ ተሸጠዋል። ሴቶቹ የሚሠሩት ግን ለማማር አልነበረም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሻላቸውንና ካልሲያቸውን ለነጋዴው ሲያስረክቡ ክፍያው ገንዘብ ሳይሆን ዕቃ ነበር፤ ሻይ ወይም ጨርቅ። ዱቄት የሚያስፈልጋት ሴት የተሰጣትን ሻይ ከዋጋው በታች ለጎረቤት ሸጣ ወይም ለውጣ ነበር ቤቷን የምታበላው። የብሪታንያ መንግሥት የላከው መርማሪ ኮሚሽን በ1872 ባወጣው ሪፖርት የእነዚህ ሴቶች ቃል አንድ በአንድ ተመዝግቧል። ዛሬ ሌርዊክ ውስጥ በእጅ የተሠራ ሹራብ ዋጋው ሲነገረው የሚያጉረመርም ጎብኚ ይህን ቢያውቅ ደስ ይለኛል። ያ ዋጋ በመጨረሻ መከፈል የጀመረ ዕዳ ነው፤ እንዲያውም ሰዓቱ ቢሰላ ገና አልተከፈለም።

ወደ ክሩ እንመለስ። ገበያ ላይ “ሼትላንድ” የተባለ ሹራብ ሁሉ ከሼትላንድ አይደለም፤ በሱፍ ንግድ ቃሉ ለክሩ ዓይነት መጠሪያ ሆኖ ቆይቷል፤ ሱፉ ከሌላው የዓለም ጫፍ የመጣ ሊሆን ይችላል። በ2011 የደሴቶቹ ሱፍ በትውልድ ቦታው የተጠበቀ ስም ያገኘው ለዚህ ነው። ወረቀቷን ማንበብ ይጠቅማል የምለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከአገሩ ስም ቀጥሎ የሚታየው የነከራው ቁጥር ነው። አንድ ቀለም በሁለት የተለያየ ቀን ሲነከር ሱቅ ውስጥ ልዩነቱ አይለይም፤ ደረት ላይ ግን እንደ መስመር ይታያል። ስለዚህ ለአንድ ልብስ የሚሆነው ሁሉ ከአንድ ነከራ ይገዛል፤ ደሴት ላይ ሆኖ የረሳ ሰው ነገ ተመልሶ አይገዛም። ከዚያ ሜትሩ ይቆጠራል እንጂ ግራሙ ብቻ አይበቃም። በዚህ ውፍረት የአዋቂ ሹራብ በአማካይ ከ1,200 እስከ 1,500 ሜትር ይበላል፤ በስፒንድሪፍት ከ12 እስከ 15 ልቃቂት መሆኑ ነው። ለኮፍያ ሦስት አራት ቀለም ይበቃል። ምን እንደሚሠራበት ያልወሰነ ሰው እነዚያን ትናንሽ ልቃቂቶች ቢገዛ ይሻለዋል፤ ኋላ ኮፍያም፣ ጓንትም፣ የሌላ ሹራብ ጌጥም ይሆናሉ።

እቤት የሚከማች ክር ደግሞ ጠላት አለው፤ ብል። ብል የሚወደው ጨለማና ያልተነካ ሱፍ ነው፤ ስለዚህ ክምችቱን በየጊዜው አውጥቶ ማራገፍና ማየት ትልቁ መከላከያ ነው። የተጠረጠረ ክር በላስቲክ ታስሮ ሁለት ሳምንት በረዶ ቤት ቢቀመጥ እጩም እንቁላሉም ይሞታል። በቱባ የተገዛ ክር ሥራው እስኪጀመር ሳይጠነጠን ይቀመጥ፤ ጠበቅ ተደርጎ ለዓመታት የተጠነጠነ ሱፍ ተለጥጦ ይቀራል። የገዛንበትን ቦታና ወር በወረቀት ጽፎ አብሮ ማስገባትም አይከፋም፤ ነከራው ካለቀብን ተመሳሳዩን ለመፈለግ የሚረዳው ያ ነው።

ከአበርዲን ማታ የሚነሳው መርከብ 12 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ተጉዞ ጠዋት ሌርዊክ ይገባል። በመስከረም መጨረሻ የሚከበረው የሼትላንድ የሱፍ ሳምንት ከ2010 ጀምሮ ከዓለም ዙሪያ ሹራብ ሠሪዎችን ይሰበስባል፤ በዚያ ሰሞን ማረፊያ የሚገኘው ከብዙ ወራት በፊት ለያዘ ነው። ትምህርቱንና ሰዉን የሚፈልግ ያኔ ይሂድ። መዳቢውን በሥራ ላይ ማየት የሚፈልግ ግን ሽልቱ ካለቀ በኋላ፣ ጆንያዎቹ ከየደሴቱ መምጣት ሲጀምሩ ነው ኖርዝ ሮድ መገኘት ያለበት።