ጭሱ የወጣለት ከሰልና ያልተቆጠረው ወጪ

በአዲስ አበባ ቤት የሚከራይ ሰው ለደላላው የሚያቀርባቸው ጥያቄዎች ይታወቃሉ። ስለ ክፍሉ ስፋት፣ ስለ ውኃው፣ ቆጣሪው የግል ወይም የጋራ ስለመሆኑ ይጠይቃል። የማዕድ ቤቱ ጭስ በየት እንደሚወጣ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም።

ጉዳዩ ከጤና ባሻገር የገበያ ጉዳይም ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎ ዋትና ከዚያ በላይ ኃይል ስለሚስብ፣ ቆጣሪ የሚጋሩ አንዳንድ አከራዮች ተከራዩ ምጣድ እንዳይሰካ ይከለክላሉ። ተከራዩም ወደ ከሰል ይዞራል። መብራት ሲጠፋም እንዲሁ ነው። ከሰል በፌስታል ጭምር ስለሚቸረቸር ወጪው ቀላል ይመስላል፤ አከራዩ ከመብራት ሂሳብ ያተረፈውን ግን የተከራዩ ቤተሰብ በጤናው ይከፍላል።

ብዙ ሰው ከሰሉን ደጅ አያይዞ ጭሱ ሲወጣለት ወደ ቤት ያስገባል። ሆኖም የጭሱ መጥፋት የአደጋው መወገድ አይደለም። የፋመ ከሰል ቀለምም ሽታም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ያመነጫል። ጋዙ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ስለሚይዝ፣ በተዘጋ ክፍል ያደረ የከሰል ምድጃ ሰው ሊገድል ይችላል። በእንጨትና በከሰል ጭስ ውስጥ ያለው ደቃቅ ብናኝም ሳንባንና ልብን ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች በቤት ውስጥ አየር ብክለት ሳቢያ እንደሞቱ ይገምታል።

ቆጣቢ ምድጃዎች የችግሩን ከፊል ብቻ ያቃልላሉ። ላቀች ምድጃ ከሰል ይቆጥባል፤ ጋዙን ግን አያስቀርም። ስለዚህ አየር የሚገባበትና የሚወጣበት መንገድ የግድ ያስፈልጋል። ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ ከጣሪያው ሥር ማስወጫ፣ በተቃራኒው ግድግዳ ዝቅ ብሎ ደግሞ ማስገቢያ ቢኖር ጭሱ በቀላሉ ይወጣል። ይህን በግንባታ ወቅት መሥራት የተለሰነ ግድግዳ ኋላ ከመስበር ይረክሳል።

አከራዩም ለምጣዱ አቅሙን የሚችል የራሱን መስመር ዘርግቶ ተከራዩ የተጠቀመበትን የሚለካ ቆጣሪ ቢያስገባ፣ ሂሳቡ በየድርሻው ስለሚከፈል ለክልከላው ምክንያት አይኖረውም። እንዲህ ያለ ቤት የያዘ ደላላም ለተከራዩ የሚያሳየው አንድ ተጨማሪ ነገር ያገኛል።