የወፍጮው ሞተር እንቢ ሲል ናፍጣው የት እንደቀረ ፈልጉ

የወፍጮ ሞተር ሲቆም ችግሩ የባለወፍጮው ብቻ አይደለም። እህል ተሸክማ የመጣች እናት እንደተሸከመች ትመለሳለች። ወይ በድንጋይ ትፈጫለች፣ ወይ ሌላ ወፍጮ ፍለጋ ግማሽ ቀን ትሄዳለች። ታዲያ እንዲህ ሲሆን ምን ታደርጋላችሁ? አንዳንድ ሰው መፍቻ ያነሳና ወዲያው ፓምፑን ይፈታል። ይህ ኪሳራ ነው።

በቅድሚያ አሠራሩን እንወቅ። የናፍጣ ሞተር፣ የወፍጮም ይሁን የትራክተር ወይም የአሮጌ መኪና፣ እንደ ቤንዚን ሞተር በካንዴላ እሳት አይሠራም። ፒስተኑ አየሩን አምቆ ያግለዋል። ፓምፑ ናፍጣውን በኃይል ይገፋል። ኖዝል የሚባለው ዕቃ ደግሞ ናፍጣውን እንደ ጉም አድርጎ በጋለው አየር ላይ ይረጨዋል። ያን ጊዜ ናፍጣው በራሱ ይቀጣጠላል። ይህን ሞተር የፈለሰፈው ሩዶልፍ ዲዝል የሚባል ጀርመናዊ መሐንዲስ ነው፤ በደንብ ሠርቶ የታየውም በ1897 እ.ኤ.አ. ነው።

የመስኖ ውሃ ማሳችሁ ሳይደርስ ሲቀርስ? ከመጥለፊያው ጀምራችሁ ቦዩን ትከተላላችሁ። ናፍጣውንም እንደዚሁ ከማጠራቀሚያው ጀምራችሁ ተከተሉት። ከመንካታችሁ በፊት ግን ሞተሩ ይቁም።

1ኛ፦ ማጠራቀሚያው ውስጥ ናፍጣ አለ? መክፈቻውስ ተከፍቷል?

2ኛ፦ ሞተሩ ተነስቶ ጥቂት ከሠራ በኋላ ይጠፋል? የክዳኑን የአየር ቀዳዳ ተመልከቱ። ቀዳዳው በአቧራ ከተደፈነ ናፍጣው አይወርድም።

3ኛ፦ ሞተሩ ባዶውን እየሠራ እህል ሲገባ ይደክማል? ፊልትሮው ቆሽሾ ይሆናል። ከፊልትሮው ሥር ጥቂት ናፍጣ በንጹሕ ጠርሙስ ቀድታችሁ አስቀምጡ። ውሃ ካለበት ውሃው ከታች ይተኛል።

4ኛ፦ ናፍጣ አልቆ ከተሞላ በኋላ አልነሳም አለ? መስመሩ አየር ይዟል። በፊልትሮው ላይ ያለውን የአየር ማስወጫ ቡሎን ጥቂት አላሉት። የእጅ መግፊያ ካለው ግፉ። አረፋው ጠፍቶ ጥሩ ናፍጣ ሲወርድ መልሳችሁ አጥብቁ።

ጭሱም ይናገራል። ጥቁር ጭስ አየር አነሰ፣ ናፍጣ በዛ ወይም ጭነት ከበደ ማለት ነው፤ የአየር ማጣሪያውን አጽዱ። ነጭ ጭስ ናፍጣው በደንብ እንዳልተቃጠለ ያመለክታል። ሰማያዊ ከሆነ ግን የሞተር ዘይት እየተቃጠለ ነው።

ይህ ሁሉ ታይቶ ካልተነሳ ባለሙያ ጥሩ። የፓምፑ የውስጥ ዕቃዎች ክፍተት ከፀጉር ውፍረት በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ታበላሸዋለች።

አንድ ነገር አደራ! በሚረጭ ኖዝል ፊት እጃችሁን አታድርጉ። ግፊቱ ከትንሽ መኪና ጎማ አየር ከ50 እጥፍ በላይ ነው። ቆዳ በስቶ ይገባል። ከውጭ የመርፌ ጫፍ ያህል ነጥብ ብቻ ይታያል፤ ውስጡ ግን ሥጋውን ይገድላል። እጅ እስከማስቆረጥ ያደርሳል። የተወጋ ሰው «አላመመኝም» ቢልም በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ይድረስ።

ማንበብና መጻፍ የቻላችሁ ወፍጮው ቤት አንድ ደብተር ስቀሉ። ፊልትሮ የተቀየረበትን ቀን፣ የጭሱን መልክና ሞተሩ የቆመበትን ምክንያት ጻፉበት። ባለሙያው ሲመጣ ከግምት ሳይሆን ከደብተሩ ይጀምራል። ናፍጣም ከንጹሕ ጀሪካን፣ በጨርቅ አጥልላችሁ ሙሉ። ከፓምፑ ዋጋ የጨርቁ ይቀላል።