ሁለተኛው አንቴና ያዋጣል

‹‹ኩንታሉን በስንት አልከኝ?... ሄሎ!... ሄሎ!›› እህል በረንዳ የዋለ ደላላ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ዋጋው ሊነገር ሲል ድምፁ ጥፍት ይላል፤ መስመሩ እስኪመለስ ሻጩ ሌላ ገዥ ያገኛል። ደላላው ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ሲል ደግሞ ያው ስልክ ጥርት ብሎ ይሰማል። ‹‹ኔትወርክ የለም›› ይባላል እንጂ ኔትወርኩስ አለ።

ከማማው የተለቀቀው ሞገድ በአንድ መንገድ ብቻ አይመጣም። ከፎቁ፣ ከቆርቆሮው፣ ከቆመው አይሱዙ እየነጠረ በብዙ አቅጣጫ ይደርሳል። አንዱ ሞገድ ሲወጣ ሌላው ሲወርድ ከተገናኙ ይጣፋሉ። በ900 ሜጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 33 ሳንቲ ሜትር ያህል ነውና፣ ከአንዱ ‹‹ጉድጓድ›› እስከ ሌላው ከ17 ሳንቲ ሜትር ብዙም አይርቅም። ስንዝር እንኳ አይሞላም!

ታዲያ የማሰራጫውን ኃይል መጨመር አይሻልም? ሒሳቡ ለነጋዴ አይጥምም። ማማው በቀጥታ በማይታይበት የከተማ ሰፈር፣ የሞገዱ ኃይል ከአማካዩ አንድ መቶኛ በታች የሚወርድበት ጊዜ ከ100 አንድ ገደማ ነው። በሚገባ የተራራቁ ሁለት አንቴናዎች ካሉ ግን ሁለቱም በአንድ ጊዜ የሚወድቁት ከ10,000 አንዴ ነው። ይህንኑ በአንድ አንቴና ላግኝ ያለ ኃይሉን 100 እጥፍ ማሳደግ ይኖርበታል። የኪስ ስልክ ባትሪ ይህን ከየት ያመጣል?

ችግሩ ቦታ ነው። ማማ ላይ ሁለቱ አንቴናዎች በሜትሮች መራራቅ አለባቸው፤ ይህ ብረት፣ የንፋስ ጫናና ኪራይ ይጨምራል። ስለዚህ አምራቾች አንዱን ወደ ቀኝ፣ ሌላውን ወደ ግራ 45 ዲግሪ አዘንብለው በአንድ ሽፋን ውስጥ አስገቧቸው። ከውጭ ሲያዩት አንድ ነው፤ ሥራው ግን የሁለት ነው።

እዚህ ላይ ባለ ፎቆች ልብ ይበሉ። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ በአገራችን የሞባይል ኩባንያው ሁለት ሆኗል፤ የጣሪያ ፈላጊም እንደዚያው። ኪራዩን በአንቴና ቁጥር የተዋዋለ ሰው፣ ሁለቱ ወርደው አንድ ሲሰቀል ገቢው በግማሽ ይቀንሳል። በቦታና በክብደት መዋዋል ይሻላል።

ያገለገለ ዕቃ የምትገዙም መሰኪያውን ቁጠሩ። ለአንድ የሞገድ ክልል አንድ መሰኪያ ብቻ ያለው ሁለተኛው አንቴና የለውም፤ በርካሽ ቢቀርብም አትደነቁ። ገላጣ በሆነው ገጠር ግን፣ ማማው ከሩቅ በሚታይበት፣ ያዘነበለው ጥንድ ጥቅሙ ያንሳል። እዚያ አራርቆ የመስቀሉ የድሮ ዘዴ አሁንም ይበልጣል።