ሙያና ሚና፦ ከጠረጴዛ ዙሪያ ጨዋታ እስከ ደብረ ታቦር ቡሄ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በምዕራቡ ዓለም ግማሽ ምዕተ ዓመት ባስቈጠረ አንድ የጨዋታ ዓይነት ውስጥ ገጸ ባሕርያት የሚመደቡበትን መንገድ ማብራራትና ምደባው ለሥነ ቃል ጥናታችን የሚሰጠውን ፍንጭ ማሳየት ነው። ጨዋታው ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ባዕድ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ በውስጡ የሚነሣው ጥያቄ፣ ማለትም አንድ ሰው በቡድን መካከል ሲቆም ያለው ችሎታና ሌሎች ከእርሱ የሚጠብቁት ነገር ምን ያህል ይገጥማሉ የሚለው፣ በነሐሴ 13ቱ በዓል ሰሞን በጉና ተራራ ግርጌ ከደጅ ደጅ እየዞሩ በሚጨፍሩ ልጆች ዘንድም የሚነሣ ነው።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ጥቂት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። አንዱ ተራኪም ዳኛም ይሆናል፤ ዓለሙን ይሥላል፤ ንጉሡንም፣ ባለሱቁንም፣ ዘንዶውንም በየተራ ሆኖ ይናገራል። የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው ምን እንደሚያደርግ ይናገራሉ። የድርጊቱ ውጤት አጠራጣሪ ሲሆን ባለ ብዙ ገጽ የዕጣ ጠጠር ይጣላል። አስቀድሞ የተጻፈ ቃለ ተውኔት የለም፤ ታሪኩ እየተነገረ ይሠራል። በዚህ ረገድ ከልብ ወለድ ይልቅ ለሥነ ቃል ክዋኔ ይቀርባል። ለኅትመት የበቃው የመጀመሪያው ጨዋታ ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ያዘጋጁት ዳንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ ሲሆን፣ አሜሪካ ውስጥ የወጣው በ1974 እ.ኤ.አ. ነው። ለተጫዋቾች የቀረቡት ሙያዎች ያን ጊዜ ሦስት ብቻ ነበሩ፤ ተዋጊ፣ አስማተኛና ካህን። በዓመቱ በ1975 ሌባ ተጨመረ።

እነዚህ ሙያዎች የሚለዩት በሚችሉት ብቻ ሳይሆን በማይችሉትም ነው። ተዋጊው ጥሩር ለብሶ ከፊት ይቆማል፤ ቁስልን ግን መፈወስ አይችልም። አስማተኛው ከሩቅ ያቃጥላል፤ ሰውነቱ ግን ደካማ ነው። ካህኑ ይፈውሳል፤ ሌባው ቁልፍ ይከፍታል፣ የተሰወረ ወጥመድ ያገኛል። ጉድለቱ ሆን ተብሎ የተከፋፈለ ስለሆነ አንዱ ያለ ሌላው አይዘልቅም። ተስፋ የሚወለደውም ከዚህ ጉድለት ነው፤ ካህን የያዘ ተጫዋች የፈለገውን ዓይነት ሰው ሆኖ ሊጫወት ቢያስብም፣ ጓደኞቹ ሲቈስሉ ዓይናቸው የሚያርፈው እርሱ ላይ ነው። በዚህ ጨዋታ ከተለመዱት ቅሬታዎች አንዱም ይኸው ነው፤ ዘግይቶ የደረሰ ተጫዋች ሌላው ሙያ ሁሉ ስለተያዘ ሳይወድ ፈዋሽ እንዲሆን ይደረጋል።

እንግዲህ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ሙያ የምችለው ነው፤ ሚና ሌሎች ከእኔ የሚጠብቁት ነው። የጨዋታው አዘጋጆች ራሳቸው ልዩነቱን በግልጽ የጻፉት ዘግይተው ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው አራተኛ እትም እያንዳንዱን ሙያ ከአራት ሚናዎች በአንዱ ሥር አዋለ፤ የሚከላከል፣ የሚያጠቃ፣ የሚያግዝና የጦርነቱን ሜዳ የሚቈጣጠር። በ2014 የወጣው አምስተኛ እትም ስያሜዎቹን ተወ፤ ፈውስንም ለብዙ ሙያዎች አካፈለ፤ ዕረፍት ያደረገ ቁስለኛም በራሱ እንዲያገግም ፈቀደ። እኔ እንደሚመስለኝ አራተኛው እትም የተደበቀውን ውል በማውጣቱ ሐቀኛ ነበር፤ ነገር ግን ውል በወረቀት ላይ ሲሰፍር ተጫዋቹ ጓደኞቹን የሚያስገርምበት ቀዳዳ ይጠብባል። ፕሮፕ በ1928 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የተረት ጥናት ሰባት የድርጊት ክልሎችን ከለየ በኋላ፣ አንድ ገጸ ባሕርይ ብዙ ክልሎችን ሊይዝ፣ አንዱም ክልል ለብዙዎች ሊከፈል እንደሚችል ማሳየቱን እዚህ ላይ ማስታወስ ይጠቅማል።

ወደ አገራችን ስንመለስ የሙያና የሚና መለያየት በማዕረጎቻችን ስም ውስጥ ተቀብሮ ይገኛል። ፊታውራሪ፣ ቀኝ አዝማች፣ ግራ አዝማች የሚሉት ስሞች በመጀመሪያ ሰውዬው በሰልፍ ላይ የሚቆምበትን ስፍራ የሚያመለክቱ ነበሩ። ቀኝ አዝማቹ ቢዘገይ የሠራዊቱ ቀኝ ክንፍ ባዶ ይሆናል፤ ስሙ ራሱ ለሌሎቹ የተገባ ቃል ነው። ከጊዜ በኋላ ስፍራው ቀርቶ ክብሩ ብቻ ተረፈ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው ፍቅር እስከ መቃብር ውስጥ ይህን ክፍተት ጥሩ አድርገው ተጠቅመውበታል። ፊታውራሪ መሸሻ ማዕረጋቸው ከሰልፍ ፊት መቅደምን የሚጠይቅ ባላባት ናቸው፤ በዐመፁት ገበሬዎች ላይ ዘምተው ግን በአበጀ በለው እጅ ይወድቃሉ። የምንስቀው በሰውዬው ፍርሃት ወይም ድፍረት ብቻ አይመስለኝም፤ ስማቸው የገባውን ቃል የሚያስፈጽም ሙያ በማጣታቸውም ጭምር ነው።

ተቃራኒው ምሳሌ ከደብረ ታቦር ከተማ አጠገብ ጋፋት ላይ ይገኛል። ባዝል አጠገብ ከሚገኘው ከቅዱስ ክሪሾና የመጡት እነ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር የእጅ ሙያ ያላቸው ወንጌል ሰባኪዎች ነበሩ። ዐፄ ቴዎድሮስ የጠበቁባቸው ግን ስብከት ሳይሆን መድፍ ነበር። በጨዋታው ቋንቋ ብናስቀምጠው ካህን ሆነው ገብተው አንጥረኛ እንዲሆኑ ተፈረደባቸው። ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍ ከዚያ ወጣ፤ በ1867 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወደ መቅደላ ጕዞ ጀመረ፤ ዛሬም እዚያው አለ። ችሎታ የሌለው ሚና አስቂኝ ሲሆን፣ በጉልበት የተጫነ ሚና ደግሞ መድፍ ሊያወጣ ይችላል። ሠሪዎቹ ግን በመጨረሻ ከእስር አልዳኑም።

ሙያና ሚና ተስማምተው ሲሠሩ ለማየት ቡሄን የሚያህል የለም። በዓሉ ከተማዋ በስሙ የተጠራችበት የደብረ ታቦር በዓል ነው። ልጆቹ ዱላቸውን ይዘው ይዞራሉ፤ አንዱ ያወርዳል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ ሙልሙሉን የሚይዝም አለ። የአውራጁ ሙያ ግልጽ ነው፤ ድምፅ፣ የግጥም ክምችት፣ የባለቤቱን ስምና ጠባይ ቶሎ አውቆ ማወደስ፣ ስስት ሲያይም ሳያስቀይም መጐንተል። ተቀባዩ ግን ምን ሙያ አለው? ብዙ ሰው ምንም የለውም ይላል። እኔ አልስማማም።

ተቀባዩ ዱላውን መሬት እየመታ ምቱን ይይዛል፤ አውራጁ ስንኙን በምቱ ላይ ካልቋጨ መግቢያ ያጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ተቀባዮቹ የሚሰጡት ጊዜ አለ። እነርሱ «ሆ» ባሉ ቁጥር አውራጁ ትንፋሽ ይወስዳል፤ ዓይኑን ወደ በሩ ልኮ ማን እንደወጣ ያያል፤ የሚቀጥለውን ስንኝ ይመርጣል ወይም ይፈጥራል። በዚያች ቅጽበት ውስጥ የሚፈጠረው ግጥም የአንድ ልጅ ብቻ ድርሰት ሊባል አይችልም። ደካማ ተቀባይ ያለው አውራጅ የሚያውቀውን ብቻ ይደጋግማል፤ ብርቱ ተቀባይ ያለው ግን አዲስ ነገር ይደፍራል። ካህኑ ተዋጊውን እንደሚያቆመው ማለት ነው፤ ፈውሱ አይታይም፣ የሚታየው ሰይፉ ነው። ሙልሙል የያዘውም ልጅ ቢሆን ያለ ሚና አይደለም፤ ጭፈራው ሲያበቃ ክፍፍሉ ፍትሐዊ እንዲሆን የሚጠበቀው ከእርሱ ነው፤ አንድ ጊዜ ቢያጐድል በሚቀጥለው ዓመት አብሮት የሚዞር አያገኝም።

በማነባቸው የተማሪ ጥናቶች ውስጥ የቡሄ ግጥም ብዙውን ጊዜ የሚሰፍረው የአውራጁ ስንኞች ተለቅመው፣ የተቀባዮቹ ምላሽ አንድ ጊዜ በግርጌ ተጠቅሶ ነው። ገጹ ይቈጠባል፤ ክዋኔው ግን ይጠፋል። ሙሾና ቀረርቶም በዚሁ ምክንያት ተጐድተዋል። ስለዚህ በመጪው ነሐሴ ወደ ደብረ ታቦር፣ ወደ ጋይንት ወይም ወደ እስቴ ለመስክ ሥራ የሚወጣ ተማሪ ድምፅ መቅረጫውን ከአውራጁ አፍ ራቅ አድርጎ በክቡ መካከል ቢያኖረው፤ ተቀባዮቹ ስንት እንደሆኑ፣ የት ላይ እንደገቡ፣ የት ላይ እንደዘገዩ፣ አውራጁ ስንኝ ሲጠፋበት ምን እንዳደረጉለት ከእያንዳንዱ ስንኝ ጐን ቢመዘግብ፤ ማን አውራጅ እንደሚሆን እንዴት እንደተወሰነና አውራጅ መሆን ፈልጎ ተቀባይ የሆነ ልጅ መኖሩንም ቢጠይቅ እወዳለሁ።